የድሬዳዋ የጦርነት ዘመን የአይሮፕላን ማረፊያና የሁለት አብራሪዎች መውደቅ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ላይ ስለ ተደረገው ውጊያ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው የድሬዳዋን ስም ደጋግሞ ያገኛል፤ ከተማይቱን ራሷን ግን አያገኝም። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ድሬዳዋ ማለት ከላይ የታየ አንድ ሜዳ፥ ጥቂት መጋዘን፥ በመሬት ላይ የቆሙ አይሮፕላኖችና ከታች ወደ ላይ የሚተኩስ መድፍ ነው። ባቡር ጣቢያው፥ የደቻቱ አሸዋ፥ ገበያው፥ በሜዳው ዳርቻ ከብቱን የሚያግደው ሰው በዚያ የሉም። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ የብዙዎቹ ታሪክ ምንጭ የአብራሪዎች ማስታወሻና የጦር ክፍሎቻቸው መዝገብ ነውና፥ አብራሪ ደግሞ የሚጽፈው ከላይ ያየውን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚሁ በምሥራቁ ግንባር ስለ ወደቁ ሁለት አይሮፕላኖች የሚነገረውን መመርመር ነው። አንደኛው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በደገሃቡር አጠገብ የወደቀው የኢጣልያዊው የቲቶ ሚኒቲ፥ ሁለተኛው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. በድሬዳዋ አጠገብ የወደቀው የደቡብ አፍሪካዊው የጆን ፍሮስት አይሮፕላን ነው። የመጀመሪያው አብራሪ በወደቀበት አገር ሞተ፤ በስሙም ብዙ ሰው ተገደለ። ሁለተኛው ከድሬዳዋ ሜዳ በሕይወት ወጥቶ ሞቱን በሊቢያ በረሓ አገኘው። ለአንድ የወደቀ አይሮፕላን ይህን ያህል ቀለም ማፍሰስ ይገባልን? የሚል አንባቢ ቢኖር፥ መልሱን በተለይ ከሚኒቲ ነገር ያገኘዋል።

አስቀድሞ ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የሁለቱም ታሪክ ማስረጃ በብዛት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ስለ ሆነ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ጥንቃቄ ይሻል። በ1927 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለ ነበረች፥ የ1928 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን የዋለው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ነው። ስለዚህ ሚኒቲ የወደቀበት ዲሴምበር 26 ቀን 1935 በእኛ ታኅሣሥ 16 እንጂ 17 አይደለም። አንድ ቀን ቢሳሳት ምን ይጎድላል ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ከዚህ በታች እንደሚታየው የሚኒቲ ክርክር ከሥሩ የቀን ክርክር ነው።

በ1928 ዓ.ም. የኦጋዴንን ግንባር በኢትዮጵያ በኩል የሚመሩት ደጃዝማች ነሲቡ ዛማኑኤል ነበሩ። ከኢጣልያ ሶማሊያ ተነሥቶ የሚገፋው ደግሞ ጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር። አገሩ ሜዳና ቁጥቋጦ ስለ ሆነ ለእግረኛ መሸሸጊያው ጥቂት ነው፤ ከሰማይ ለሚመለከት ግን የተዘረጋ ሰሌን ነው። ቆራሄን ይጠብቁ የነበሩት ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ከአይሮፕላን በተጣለ ቦምብ ቆስለው ያረፉት በጦርነቱ መጀመሪያ ወራት ነው። እንግዲህ ሚኒቲ በዚያ ሰማይ በሚበርበት ጊዜ ከታች የነበረው ሕዝብ የአይሮፕላንን ነገር በወሬ ሳይሆን በቁስሉ ያውቀው ነበር።

ታኅሣሥ 16 ቀን ሚኒቲ ሊቪዮ ዛኖኒ የተባለውን ተመልካች ይዞ ለቅኝት ሲበር በደገሃቡር አጠገብ ለመውረድ ተገደደ፤ ሁለቱም አልተመለሱም። የኢጣልያ መንግሥት ሚኒቲ ከነሕይወቱ ተማርኮ፥ ተሠቃይቶ፥ ራሱ ተቆርጧል ሲል ለዓለም አስታወቀ። አሟሟቱ እስካሁን ድረስ ያከራክራል፤ ከወረደ በኋላ ሲዋጋ ሞተ የሚሉ አሉ፥ ከተያዘ በኋላ ተገደለ የሚሉም አሉ። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ግን እንዴት እንደ ሞተ ሳይሆን በሞቱ ምን እንደ ተሠራበት ነው።

ከአራት ቀን በኋላ፥ ታኅሣሥ 20 ቀን፥ የኢጣልያ አይሮፕላኖች በዶሎ በኩል በመልካ ዲዳ ሠፍሮ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ደበደቡ። ከቦምቡ ጋር የወረደው ወረቀት የድብደባውን ምክንያት የሚናገር ነበር፤ አብራሪያችንን ራሱን ቆርጣችሁታልና የሚገባችሁን ትቀበላላችሁ የሚል ነው ቃሉ ሲጠቃለል። በድንኳኑ ውስጥ የነበሩ ብዙ ቁስለኞች አለቁ። ከስዊድናውያኑ መካከል ጉናር ሉንድስትሮም በደረሰበት ቁስል ሞተ፤ የሆስፒታሉ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደርም ቆሰለ። መልካ ዲዳ ከደገሃቡር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በደገሃቡር ለሞተ አብራሪ ደም የተጠየቁት ደገሃቡርን ዓይተው የማያውቁ ቁስለኞችና ከስዊድን የመጡ ሐኪሞች ሆኑ ማለት ነው።

የሚኒቲ ስም ያገለገለው ለዚህ ድብደባ ብቻ አይደለም። ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጣሏ በተነሣ ቁጥር፥ ይህ የተደረገው ሐበሾች በማረኳቸው አብራሪዎች ላይ ለፈጸሙት ግፍ አጸፋ ነው የሚል መልስ ይሰጥ ነበር። የቀን ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሙሶሊኒ ግራዚያኒ በቆራሄ ጋዝን በመጨረሻ አማራጭነት እንዲጠቀም የፈቀደበት ቴሌግራም የተጻፈው ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ሚኒቲ ከመውደቁ ልክ ሁለት ወር አስቀድሞ። በሰሜኑ ግንባርም በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ መርዙ የወረደው በደገሃቡር ያለው ነገር ከመሆኑ ቀናት በፊት ነበር። አጸፋው ከበደሉ ቀድሞ መጣ ካልተባለ በቀር ይህ ምክንያት አይቆምም። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ እነዚህን ቴሌግራሞች ለብዙ ዓመታት ሲያሳድድ ኖሮ፥ የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። 60 ዓመት ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የአብራሪው ታሪክ በኢጣልያ የማይነካ የጀግና ታሪክ ሆኖ ኖሯል፤ የሬጂዮ ካላብሪያ አይሮፕላን ማረፊያም በስሙ ይጠራል።

ግራዚያኒ ወደ ሐረር የደረሰው ዘግይቶ ነው። ሐረር ሚያዝያ 30 ቀን ተያዘች፤ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣው የባዶሊዮ ጦርና ከሐረር በኩል የወረደው ጦር በድሬዳዋ ተገናኙ። የሰሜኑና የደቡቡ ወረራ የተገጣጠመው በዚህ ባቡር ጣቢያ ነው። ከዚያ በኋላ ሜዳው የኢጣልያ አየር ኃይል ዋና ማረፊያ ከሆኑት አንዱ ሆነ።

ለምን ድሬዳዋ ተመረጠች ቢባል መልሱ ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ይገኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ የዚያን ጊዜ ሞተር ደግሞ በስስ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል፥ ክንፉም የሚያነሣው ሸክም ያንሳል። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሜዳዋ የተንጣለለ፥ ዝናቧ ጥቂት፥ ከደቡቧ የሐረር ተራራ እንደ ግድግዳ የቆመ ነው። ቦምብ የጫነ አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ይልቅ ከዚህ ቢነሣ ይቀለዋል። የእንግሊዞች ወደብ የሆነችው ዓደን ከዚህ በሰማይ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ከጅቡቲ የሚመጣው ሐዲድ አለ። ቤንዚን፥ ቦምብና መለዋወጫ ከመርከብ ወርዶ እስከ ሜዳው አጠገብ በባቡር ይደርሳል።

ማረፊያው አንድ ሜዳ ብቻ አልነበረም። ለድብደባ የሚፈራ የጦር ማረፊያ አይሮፕላኖቹን በአንድ ቦታ አያስቀምጥም፤ በአካባቢው ተለዋጭ ሜዳዎች ያበጃል። በኢጣልያኖች መዝገብ ሸነሌ የተባለ የቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች ሜዳ ተጽፎ ይገኛል። በካርታ ላይ የሚፈልገው የውጭ አገር አንባቢ ሊቸገርበት ይችላል፤ የአገሩ ሰው ግን ስሙን ሲሰማ ከከተማው በስተሰሜን ያለችው ሽንሌ መሆኗን ያውቃል። እንዲህ ያለውን ነገር በማረም ብቻ ከዚህ አገር የሚነሣ ተማሪ በሮም ወይም በለንደን ተቀምጦ ከሚጽፈው ሰው ሊቀድም ይችላል። በድሬዳዋ ራሷ 410ኛው ስኳድሪሊያ የተባለው የተዋጊ ክፍል ፊያት ሲ አር 32 የተባሉትን ባለ ድርብ ክንፍ አይሮፕላኖች ይዞ ይገኝ ነበር።

ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ወደ ጦርነቱ ስትገባ ከሜዳው ጥቅሞች አንዱ ወዲያው ጠፋ። ስዊዝ ተዘጋ፤ ፈረንሳይ ከወደቀች በኋላም ጅቡቲ በእንግሊዝ መርከቦች ስለ ተከበበች ሐዲዱ ወደብ የሌለው ሐዲድ ሆነ። ከእንግዲህ ለምሥራቅ አፍሪካ የኢጣልያ አየር ኃይል አዲስ ነገር የሚመጣለት በሰማይ ብቻ ነበር። ሲ አር 42 የተባሉት ተዋጊዎች ተፈታትተው በትላልቅ የጭነት አይሮፕላኖች ሆድ ውስጥ ከሊቢያ በኩል በሱዳን ላይ ተሻግረው ይመጡ ነበር፤ በዚህ መንገድ የገቡት 51 ናቸው። ጎማው፥ ቤንዚኑ፥ መለዋወጫው ግን በዚህ ዓይነት የሚሞላ አልነበረም። ከዓደን የሚነሡ የእንግሊዝ አይሮፕላኖች ድሬዳዋን መደብደብ የጀመሩት በዚያው በሰኔ ወር ነው፤ ኢጣልያኖችም ከዚህ ወገን እየተነሡ ዓደንንና በርበራን ይደበድቡ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው አብራሪ እንመለስ። ጆን ኤቨሪት ፍሮስት በደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል በ3ኛው ስኳድሮን ካፒቴን ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ዕድሜው 22 ዓመት ነው። ሃሪኬን በተባለው ባለ አንድ ክንፍ ተዋጊ ይበር ነበር፤ ይህም በፍጥነትና በመሣሪያ ከኢጣልያኖቹ ባለ ድርብ ክንፎች የሚበልጥ ነው። በጥር ወር መጨረሻ በአንድ በረራ ብቻ ሦስት ቦምብ ጣይና አንድ ተዋጊ ስለ ጣለ ስሙ ገንኖ ነበር። ጦሩ ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያ በኩል እየሮጠ በመጋቢት መጀመሪያ ደገሃቡር ደረሰ። ሚኒቲ የወደቀበት ስፍራ አሁን የጠላቶቹ መንገድ ሆነ።

መጋቢት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. የፍሮስት ስኳድሮን የድሬዳዋን ማረፊያ ዝቅ ብሎ በመትረየስ ይመታ ነበር። ዝቅ ብሎ መብረር በመሬት ያለውን አይሮፕላን ለመምታት ያመቻል፤ ነገር ግን አብራሪውን ለመድፉ ቅርብ ያደርገዋል። የፍሮስት ሃሪኬን ከማረፊያው መቃወሚያ መድፍ ተመታ። የዚህ አይሮፕላን ሞተር በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ፥ ማቀዝቀዣው ከተበሳ ብዙ አይቆይም። ፍሮስት ወደ ወዳጅ መሬት መድረስ እንደማይችል ስላወቀ በአቅራቢያው በነበረ ተለዋጭ የኢጣልያኖች ሜዳ ላይ አረፈ።

ጓደኛው ሌተናንት ሮበርት ከርሾ ይህን ዓይቶ በዚያው ሜዳ ላይ ወረደ። ሌሎቹ አብራሪዎች ከላይ እየተመላለሱ ወደ ስፍራው የሚጠጋውን ጠላት በመትረየስ ይከለክሉ ነበር። ሃሪኬን ለአንድ ሰው የተሠራ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንዱ መቀመጫ ላይ ተደራርበው፥ መሪውንና የመንኮራኩሩን ማንሻ ተከፋፍለው ይዘው ከሜዳው ተነሡ፤ በሰላምም ተመለሱ። ከርሾ ለዚህ ሥራው ዲስቲንጉዊሽድ ሰርቪስ ኦርደር የተባለውን ኒሻን ተቀበለ፤ ይህ ኒሻን ለእርሱ ማዕርግ ሰው በቀላሉ የሚሰጥ አይደለም።

ድርጊቱ የሚያስደንቅ ነው፥ እኛም ማድነቅ አይከለክለንም። የታሪክ ተማሪ ግን ከአድናቆቱ ቀጥሎ ማስረጃውን ይጠይቃል። ይህ ታሪክ በደኅና የተጠበቀው ስለ ምንድን ነው? ሁለቱ ሰዎች ስለ ተረፉ፥ ከላይ የነበሩት ጓደኞቻቸው ምስክር ስለ ሆኑ፥ ኒሻኑም ጽሑፍ ስለሚያስከትል ነው። የኒሻን ጽሑፍ ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው፤ የተሸላሚውን ጀግንነት ለማሳየት የሚጻፍ እንጂ ስለ ሜዳው ወይም ስለ ሌላው ወገን ለማስረዳት የሚጻፍ አይደለም። በሌላው ወገን መዝገብ ያው ቀን አንድ የጠላት ድብደባና አንድ የተመታ የጠላት አይሮፕላን ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ከፊል ናቸው።

በተለይ በመሬት ላይ ተቃጠሉ የሚባሉ አይሮፕላኖች ቁጥር ሲነሣ መጠንቀቅ ይገባል። በ400 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሽው ብሎ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ጢስና ነበልባል ነው። ቀድሞ የተሰበረ፥ ሞተሩ ለመለዋወጫ የወጣለት አይሮፕላንም ሲመታ ይነዳል። ያንኑ አንድ አይሮፕላን ሁለት አብራሪዎች በየፊናቸው ሊቆጥሩት ይችላሉ። ተደብዳቢው ወገን በበኩሉ ለአለቆቹ ጉዳቱን ማሳነስ ይወዳል። ስለዚህ የሁለቱን ወገን መዝገብ ጎን ለጎን ሳያስቀምጡ ቁጥር መጥቀስ ጀብዱ መተረክ እንጂ ታሪክ መጻፍ አይሆንም።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ከርሾ ባይወርድ ኖሮ ፍሮስት በድሬዳዋ ሜዳ ብቻውን ይቀር ነበር፤ ልክ እንደ ሚኒቲ። ቢማረክ ወይም ቢሞት ታሪኩን የሚጽፉለት ያላዩት ሰዎች ይሆኑ ነበር፤ ጓደኞቹ ከላይ ሆነው የገመቱት፥ አለቆቹ ለጋዜጣ የፈለጉት፥ ጠላት ደግሞ ለራሱ የሚስማማው። በሚኒቲና በፍሮስት መካከል ያለው ልዩነት የጀግንነት ልዩነት አይደለም፤ የምስክር ልዩነት ነው። አንደኛው የራሱን ታሪክ ለመናገር ተመለሰ። የሌላውን ታሪክ ግን የግራዚያኒ ጽሕፈት ቤት ተናገረለት።

የቀሩት ቀናት በፍጥነት አለፉ። መጋቢት 7 ቀን ከዓደን የተሻገረ ጦር በርበራ ላይ ወረደ፤ መጋቢት 8 ቀን ጅጅጋ ተያዘች፤ በማርዳ ተራራ በር ከተደረገው ውጊያ በኋላ መጋቢት 17 ቀን ሐረር፥ መጋቢት 20 ቀን ድሬዳዋ፥ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ተያዙ። ከእነዚህ ቀኖች ውስጥ ለድሬዳዋ ሕዝብ የከፋው የአይሮፕላን ድብደባው ሳይሆን ሳይሆን አይቀርም የምለው ኢጣልያኖቹ ለቀው ደቡብ አፍሪካውያኑ ገና ያልገቡበት ጊዜ ነው። ከኢጣልያ ሠራዊት የከዱ ወታደሮች ከነመሣሪያቸው በከተማው ተበትነው ዘረፋና ሁከት ሆነ። ይህ በአብራሪዎች መጽሐፍ ቦታ የለውም፤ እነርሱ ዓይናቸውን ወደ አዋሽ አዙረው ነበር። በመጨረሻ የገባው ጦር ደግሞ በአገሩ ለጥቁር ዜጋው ጠመንጃ ማስያዝ የማይፈቅድ መንግሥት ጦር እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል፤ ይህን የምለው ውለታውን ለመካድ ሳይሆን የዘመኑን ነገር በሙሉ ለማየት ነው።

ፍሮስት ከዚያ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተዛወረ፤ ሜጀር ሆኖ 5ኛውን ስኳድሮን አዘዘ። በዚያ የገጠመው ከድሬዳዋው የተለየ ጠላት ነው። በምሥራቅ ሊቢያ ከሚገኙ የበረሓ ሜዳዎች የሚነሡት የጀርመን 27ኛ የተዋጊ ክፍል አብራሪዎች የያዙት ሜሰርሽሚት 109፥ ፍሮስት ከያዘው ቶማሃውክ ይበልጥ ነበር። በድሬዳዋ ብልጫው በእርሱ እጅ ነበረ፤ እዚህ ግን በተቃራኒው ሆነ። ሰኔ 9 ቀን 1934 ዓ.ም. ቦምብ ጣዮችን አጅቦ ሲበር በቢር ሐኬም አካባቢ በተደረገ ውጊያ ጠፋ፤ ከድሬዳዋ ካመለጠ 15 ወር ሆኖት ነበር። የጣለው በዚያን ሰሞን ስሙ የገነነው ሃንስ ዮአኪም ማርሴይ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ማርሴይም ከሦስት ወር ተኩል በኋላ ከሚነድ አይሮፕላን ሲዘል ሞተ፥ እርሱን የሚጠይቅ የለም። የፍሮስት ሬሳም አይሮፕላኑም እስከ ዛሬ አልተገኙም። መቃብር ስለሌለው ስሙ የተጻፈው በግብፅ፥ በኤል ዓላሜን መታሰቢያ ላይ ነው።

የድሬዳዋ ሜዳ ግን ከጦርነት አላረፈም። ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በታንክ ድሬዳዋን ሲያጠቃ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ተዋጊዎች የተነሡበት ማረፊያ በዚያው ከተማ ነበር። ዛሬም በአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ስም የሚጠራው የመንገደኞች አየር ማረፊያ በከተማው ዳር አለ። እንዲህ በላዩ ላይ ሲሠራበት የኖረ መሬት የ1933ን ምልክት ጠብቆ አይቆይም፤ ባለ ታንክ ዘመንና ባለ ቡልዶዘር ዘመን አልፎበታል። በከተማው ያለው የእንግሊዝ መንግሥታት የጦር መቃብር ስፍራ በሥርዓት የተጠበቀ ነው፤ ስም በድንጋይ ላይ አለ።

ስለዚህ ሥራውን መቀጠል ለሚሻ ተማሪ የሚቀረው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የሮምን፥ የለንደንንና የፕሪቶሪያን መዝገብ ለመጋቢት 6 ቀን ብቻ ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ነው፤ ይህ ትዕግሥት እንጂ ጥድፊያ አይጠይቅም፥ ወረቀቱ ይጠብቃል። ሁለተኛው ግን አይጠብቅም። በ1933 ዓ.ም. በሽንሌ መንገድ ፍየል የሚጠብቅ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ ዕድሜው ከ90 ዓመት አልፏል። የሚጠየቀውም በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ ነው እንጂ በአማርኛ አይደለም፤ ጥያቄውም ስለ ሃሪኬንና ስለ ፊያት ሳይሆን፥ ያን ዓመት ከብቱ የት ይውል እንደ ነበረ፥ ሜዳው ሲታጠር መንገዱ በየት በኩል እንደ ዞረ፥ አይሮፕላን ሲመጣ ሰው ወዴት ይሸሽ እንደ ነበረ ነው።